የጨዋታ ወሰንና የአገር ወሰን

ጉልበት ያለው ወጣት ጉልበቱን የሚያወጣበት ስፍራ ይፈልጋል። ሌላ ሰው ስፍራውን ካላዘጋጀለት ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል፤ ራሱ ፈልጎ ያገኘው ስፍራ ግን ሁልጊዜ መልካም ሆኖ አይገኝም። አባቶች ይህን ነገር አስቀድመው ስላወቁ ለሥራ ጊዜ እርሻውን፣ ለጦርነት ጊዜ ጋሻውን፣ ለበዓል ጊዜ ደግሞ ጨዋታውን ሰጥተውታል። ከሦስቱም ሰው እንደ ቀላል የሚቆጥረው ጨዋታውን ነው። ነገር ግን ረጋ ብሎ ለሚመረምር ሰው፣ የአንድ አገር ሰዎች እርስ በርሳቸውም ሆነ ከጎረቤታቸው ጋራ እንዴት ሊኖሩ እንደሚችሉ ከጨዋታቸው ይታወቃል።

በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ በምዕራብ አርማጭሆ፣ አብደራፊ የምትባል ከተማ አለች። ምድሯ ጥቁር መረሬ ነው፤ በክረምት ጭቃው እግር ይይዛል፣ በበጋ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ያፈጥጣል። ይህ ምድር ሰሊጥና ማሽላ፣ ጥጥም ያበቅላል። የአገሬው ሰው ለዚህ ሁሉ ሥራ ስለማይበቃ፣ አረም በሚታረምበትና መከር በሚሰበሰብበት ጊዜ ከደጋው ብዙ ወጣት ይወርዳል። ሰሊጥ ትዕግሥት የሌለው እህል ነው፤ ከደረሰ በኋላ ጥቂት ቀን ቢዘገዩበት ፍሬውን የያዘው ከረጢት ራሱን ከፍቶ ዘሩን መሬት ላይ ያረግፈዋል። ስለዚህ ባለ እርሻው ሠራተኛውን ይለምናል፣ ሠራተኛውም ዋጋውን ከፍ ያደርጋል፤ በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ውስጥ የከተማይቱ ሕዝብ ከየአቅጣጫው በመጣ እንግዳ ይበዛል።

እነዚህ ወጣቶች የሚያድሩት ብዙ ጊዜ በሜዳ ላይ ነው። በግራር ሥርና በመሬቱ ስንጥቅ ውስጥ የምትኖር አንዲት ትንሽ የአሸዋ ዝንብ ሌሊት እየነደፈች ካላዛር የሚባለውን ክፉ በሽታ ታስይዛቸዋለች። እባብም እንደዚሁ በጨለማ ይነድፋቸዋል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ማኅበር በአብደራፊ ብዙ ዘመን የቆየው እነዚህን ሁለት ጉዳቶች ለማከም ነው። ደጋ ያደገ ልጅ የቆላውን በሽታ የሚቋቋም አካል የለውም፤ ቢሆንም ቅሉ የበግና የበሬ መግዣ፣ የእኅትና የወንድም መማሪያ ይዞ ለመመለስ ሲል ነፍሱን አስይዞ ይወርዳል።

እንዲህ ያለው ወጣት በባዕድ ምድር ብቻውን መሆን ስለሚከብደው ከወንዙ ልጆች ጋራ ይሰበሰባል። የወገራው ከወገራው፣ የበለሳው ከበለሳው፣ የጎጃሙም ከጎጃሙ ጋራ ይበላል፣ አብሮም ያድራል። ይህ በራሱ ነውር የለበትም፤ ሰው በታመመ ጊዜ ውሃ የሚያቀብለው የአገሩን ልጅ አይደለምን? ነገር ግን ሥራ በሌለበት የበዓል ቀን፣ ደመወዝ በተከፈለበትም ማታ፣ ይኸው አንድነት ወደ ሌላ ነገር ሲለወጥ ይታያል። አንዱ የሌላውን አገር ያነሣል፣ ያም ይመልሳል፤ በትር ይነሣል፤ የአንዱ ሰው ጠብ የአገር ጠብ ይሆናል። እንግዲህ የየአውራጃው ወገን ጠሪ ሳይኖረው በአንድ ሜዳ ተገናኝቶ ይፎካከራል ማለት ነው፤ የጎደለው ነገር ሕግና ዳኛ ብቻ ነው።

የአገራችን ሰው ለዚህ ያዘጋጀው አሮጌ መድኃኒት አለው፤ እርሱም ገና ነው። ገና የጌታችን የልደት በዓል ስም ሲሆን የጨዋታውም የበትሩም ስም ነው። እረኞች የልደቱን ብሥራት በሰሙበት ሌሊት ከደስታቸው ብዛት የተነሣ በበትራቸው እየመቱ ተጫወቱ የሚል ትውፊት ስላለ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስም 28 ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ ጎበዛዝቱ ወደ ሜዳ ይወጣሉ። በትሩ ጫፉ የቆለመመ ነው፤ የሚመታው ድቡልቡል ነገር ሩር ይባላል። ተጫዋቾቹ ላይ ቤትና ታች ቤት ተባብለው ይከፈላሉ፤ ሩሩን ወደ ተቃራኒው ወገን ዳርቻ አሳልፎ ያደረሰው ወገን ይረታል። የሰው ቁጥር አይወሰንም፤ የሜዳው ልክ አይለካም፤ ሰዓቱም እስከ ጀምበር መጥለቂያ ነው። ድል የነሣው ወገን ማታ እየጨፈረ የተሸነፈውን በግጥም ይሰድባል፤ የተሸነፈውም ስድቡን ሰምቶ ይስቃል።

በዚህ ጨዋታ ውስጥ የሚያስደንቀው ነገር የማዕርግ መፍረስ ነው። በዚያ ቀን ሎሌው የጌታውን ቅልጥም ቢመታ፣ በግጥምም ቢዘልፈው፣ ጌታው ሊቆጣ እንደማይገባው የቆየ ልማድ ይደነግጋል። ዓመቱን ሙሉ ጎንበስ ብሎ የኖረ ሰው ለአንድ ቀን ቀና ብሎ ይሮጣል። በግርግም የተወለደውን ንጉሥ ልደት እንዲህ ባለ መተካከል ማክበር፣ ያለ ትምህርት የተገኘ ታላቅ ትርጓሜ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ነገር ግን የገና ሕግ በወረቀት የተጻፈ ሳይሆን በልማድ የሚኖር ነው። ልማድ ደግሞ የሚገዛው የሚተዋወቁትን ሰዎች ነው። በአንድ አጥቢያ ያደጉ ልጆች የቱ አመታት ጨዋታ፣ የቱ አመታት ቂም እንደ ሆነ ሳይነገራቸው ያውቃሉ፤ ቢጣሉም ማታውኑ ሽማግሌ ያስታርቃቸዋል፣ በማግሥቱም በአንድ ምንጭ ውሃ ይቀዳሉ። አምስት አውራጃ በተሰበሰበበት ቆላ ግን አምስት ልማድ ይኖራል። አንዱ ጨዋታ ያለውን ሌላው ንቀት ይለዋል። ሁሉ የሚያውቀው ሽማግሌ በሌለበት ስፍራ፣ ሁሉ የሚያውቀው የተጻፈ ሕግ ያስፈልጋል። እንግዳ ከእንግዳ ጋራ በሰላም ሊፎካከር የሚችለው አስቀድሞ በተስማማበት ቃል ነውና።

ለዚህ ነገር ምሳሌ የሚሆን በሌላው ዓለም የሚገኝ አንድ የበትርና የኳስ ጨዋታ አለ፤ ስሙም ክሪኬት ይባላል። በአገራችን ብዙ ያልተለመደ ስለሆነ አካሄዱን በአጭሩ መግለጽ ይገባል። ወገኖቹ ሁለት ናቸው፤ እያንዳንዱም 11 ሰው አለው። በሜዳው መካከል 20 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ጠባብ መሬት በሁለቱ ጫፍ ሦስት ሦስት ካስማ ይተከላል። አንዱ ወገን ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው ወገን ጠፍጣፋ በሆነ የእንጨት መምቻ ካስማውን ይጠብቃል። የመታው ሰው ከባልንጀራው ጋራ ቦታ እየተለዋወጠ በሮጠ ቁጥር ነጥብ ይቆጠርለታል። ኳሱ ካስማውን ቢመታ፣ ወይም ተመትቶ ሳለ መሬት ሳይነካ ቢቀለብ፣ መቺው ይወጣል። አንደኛው ወገን ከመታ በኋላ ተራው ለሁለተኛው ይሆናል።

የዚህ ጨዋታ ደንብ በእንግሊዝ አገር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1744 በጽሕፈት ተወሰነ፤ በ1787 በሎንዶን የተቋቋመውም ማኅበር በማግሥቱ ዓመት አሻሽሎ አወጣው፤ ያ ማኅበር እስከ ዛሬ ድረስ የደንቡ ጠባቂ ነው። ደንቡንም ሕግ ብለው ይጠሩታል እንጂ የጨዋታ ሥርዓት ብቻ አይሉትም። ከሕጉ ውስጥ የአገራችንን የሙግት ልማድ ለሚያውቅ ሰው ደስ የሚያሰኝ አንድ ነገር አለ። ዳኛው መቺው መውጣት አለመውጣቱን በዓይኑ ቢያይም፣ የወርዋሪው ወገን ጮኾ ካልጠየቀው ፍርድ አይሰጥም። በበላ ልበልሃ ዘመን ከሳሽ ሳይናገር ዳኛ እንዳይፈርድ ነው። ከተጠየቀ በኋላ ግን እጁን ካነሣ ነገሩ አለቀ፤ መቺው አንገቱን ደፍቶ ይወጣል።

ሌላውም ነገር የሜዳው ወሰን ነው። ገና ወሰን የለውም፤ የክሪኬት ሜዳ ግን ዙሪያውን በገመድ ይታጠራል። የተመታው ኳስ በመሬት ተንከባሎ ገመዱን ቢሻገር 4 ነጥብ፣ በአየር ዘሎ ቢሻገር 6 ነጥብ ይቆጠራል። ወሰኑ የታወቀ ስለሆነ መሻገሩ ክብር ነው፤ ማንም አይሞትበትም፣ ማንም አይሰደድበትም። በመተማና በአብደራፊ ለኖረ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የእንግሊዝ መንግሥት ጨዋታውን በየሄደበት ይዞት ሄደ። ሱዳንን በሚገዛበት ዘመን ወደዚያ የሚልካቸው ሹማምንት ከኦክስፎርድና ከካምብሪጅ ትምህርት ቤቶች በጨዋታ የታወቁ ጎበዛዝት ይበዙባቸው ነበር። ስለዚህ ክሪኬት እስከ ካርቱም ደርሶ ነበር፤ የኢትዮጵያን ወሰን ግን አልተሻገረም። ጨዋታው በአብዛኛው ሥር የሰደደው የእንግሊዝ ሰንደቅ በተተከለበት ነውና። የአገራችን ወጣት እግር ኳስን ወደደ፣ ገናንም ከአባቱ ተቀበለ፤ ክሪኬትን ለኬንያ፣ ለኡጋንዳና ለታንዛኒያ ተወላቸው። እነዚህም ከዛምቢያ ጋራ ሆነው በ1975 ምሥራቅ አፍሪካ ተብለው እንደ አንድ ወገን በመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ ተሰለፉ። ሦስት ጊዜ ተጫውተው ሦስቱንም ተሸነፉ፤ ነገር ግን የተለያየ ሰንደቅ ያላቸው ሕዝቦች አንድ ልብስ ለብሰው መሰለፋቸው ራሱ ሊረሳ የማይገባው ነገር ነው።

ዕድሜያቸው ከ19 ዓመት በታች የሆኑ ወጣቶች የሚወዳደሩበት የዓለም ዋንጫ መጀመሪያ የተደረገው በ1988 በአውስትራሊያ ነው። ስምንት ወገኖች መጡ፤ ከስምንቱ አንደኛው ጨዋታው ገና ካልበረታባቸው ከልዩ ልዩ አገሮች የተውጣጡ ልጆች ስብስብ ነበረ። ዋንጫውን ባለ አገሮቹ አውስትራሊያውያን ወሰዱ። ከዚያም አሥር ዓመት ታጥፎ ቆይቶ በ1998 በደቡብ አፍሪካ እንደገና ተጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ በየሁለት ዓመቱ ሲደረግ ቆይቷል። ለእያንዳንዱ ወገን የሚወረወርለት ኳስ 300 ስለሆነ አንዱ ጨዋታ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ወጣቱ በፀሐይ ቆሞ ኳስ እስኪመጣ መጠበቅን፣ አንድ ጊዜ ሲሳሳትም ወጥቶ ዝም ብሎ መቀመጥን ይማራል። ትዕግሥት ለሽማግሌ ቀላል ነው፤ ለአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ግን ታላቅ ገድል ነው።

በእነዚህ ውድድሮች ከታዩት ነገሮች ሁለቱ ለካህናትም ለመምህራንም ሊታሰቡ የሚገባቸው ናቸው። አንደኛው በ2016 በባንግላዴሽ የሆነው ነው። የምዕራብ ኢንዲስ ደሴቶች ልጆችና የዚምባብዌ ልጆች ገጠሙ። በመጨረሻው የስድስት ኳስ ተራ ዚምባብዌ ሦስት ነጥብ ብቻ ጎደላት፤ የቀራትም አንድ መቺ ብቻ ነበረ። ወርዋሪው ሮጦ መጣና ኳሱን መወርወሩን ትቶ፣ በእርሱ በኩል የቆመው የዚምባብዌ ልጅ ከመሥመሩ ጥቂት እንደ ተንፏቀቀ አይቶ ካስማውን አፈረሰበት። ሕጉ ይህን ይፈቅዳል። ዳኞቹ የወገኑን አለቃ በእርግጥ ትጠይቃለህን አሉት፤ እርሱም አዎን አለ። የዚምባብዌ ልጆች እያለቀሱ ወጡ፤ የደሴቶቹ ልጆች ደግሞ አልፈው ሄደው በመጨረሻ ዋንጫውን አገኙ።

ስለዚህ ነገር በዓለም ሁሉ ብዙ ተከራከሩበት። አንዳንዶቹ ሕግ ያዘዘውን ያደረገ ሰው አይወቀስም አሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ አስቀድሞ ማስጠንቀቅ ይገባው ነበር፣ ጨዋነት ከሕግ በላይ ነው አሉ። የሕጉ ጠባቂዎች ራሳቸው በ2000 በሕጉ መግቢያ ላይ ስለ ጨዋታው መንፈስ የሚናገር ምዕራፍ ጨምረው ነበር፤ ፊደል ብቻውን እንደማይበቃ አይተዋልና። ነገሩ ለቤተ ክርስቲያን ሰው እንግዳ አይደለም። ሕግ የሌለው ሕዝብ ይጠፋል፤ ሕግ ብቻ ያለው ሕዝብ ደግሞ ይደርቃል። ገና ከሕግ ይልቅ ይሉኝታ አለው፤ ክሪኬት ይሉኝታ በጎደለ ጊዜ የሚይዘው ሕግ አለው። ወጣቱ ሁለቱንም ቢይዝ መልካም ነው፤ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ከያዘ ግን በአንድ እግሩ እንደሚሄድ ሰው ይሆናል።

ሁለተኛው ነገር በ2020 በደቡብ አፍሪካ ሆነ። ባንግላዴሽ ሕንድን በመጨረሻው ግጥሚያ ረትታ ከዚያ በፊት አግኝታው የማታውቀውን የዓለም ዋንጫ አገኘች። የድሉ ደስታ ገና ሳይበርድ የሁለቱ አገር ልጆች በሜዳው ላይ ተገፋፉ፤ ከሁለቱም ወገን አምስት ልጆች ተቀጡ፤ ሦስቱ ከአሸናፊው፣ ሁለቱ ከተሸናፊው ወገን ነበሩ። የሚያስተምረው ይህ የቍጥሩ ነገር ነው። ሰው ሁሉ የሚፈራው የተሸነፈውን ሰው ቍጣ ነው፤ እነሆ ከተቀጡት የሚበዙት ግን ያሸነፉት ሆነው ተገኙ። ሽንፈትን መቻል ለወጣት እንደሚያስፈልገው ሁሉ ድልን መቻልም ያስፈልገዋል፤ ምናልባትም ሁለተኛው ይከብዳል።

እነዚህን ጉድለቶች አይቶ ጨዋታ ለወጣት አይጠቅምም የሚል ሰው ቢኖር፣ የአፍጋኒስታንንና የሩዋንዳን ነገር ይመልከት። የአፍጋን ሰዎች በጦርነት ከአገራቸው ተሰደው በፓኪስታን በፔሻዋር አካባቢ በስደተኞች ሰፈር በኖሩ ጊዜ፣ ልጆቻቸው ጨዋታውን ከጎረቤት ልጆች ተማሩ። ሜዳ ስላልነበራቸው በአቧራ ላይ ተጫወቱ። በ1995 ማኅበር አቋቋሙ፤ በ2010 ወጣቶቻቸው ወደ ዓለም ዋንጫ ደረሱ፤ በ2018 ከመጨረሻዎቹ አራት ወገኖች አንዱ ሆኑ። በሩዋንዳ ደግሞ ጨዋታውን ያስፋፉት በስደት በኡጋንዳና በኬንያ ያደጉና ከ1994ቱ ዕልቂት በኋላ የተመለሱ ልጆች ናቸው። በኪጋሊ መጀመሪያ የተጫወቱበት ሜዳ በዚያ ዕልቂት ብዙ ነፍስ የጠፋበት የትምህርት ቤት ግቢ ነበረ። በ2023 በተደረገው የመጀመሪያው የወጣት ሴቶች የዓለም ዋንጫ የሩዋንዳ ልጃገረዶች ዚምባብዌንና የምዕራብ ኢንዲስን ደሴቶች ረቱ። የደም መሬት የጨዋታ ሜዳ ሊሆን እንደሚችል በዚህ ታየ።

የመተማም ምድር የደም መሬት ነው። በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ድል በእጃቸው ሊገባ ሲል በጥይት ተመትተው የወደቁት በዚያ ነው፤ ከተማይቱም መተማ ዮሐንስ መባሏ ስለዚህ ነው። ከደርቡሽም ከኢትዮጵያም ስንት ሺህ ወጣት በዚያ ሜዳ ቀረ። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት ስለ ወሰኑ ተዋዋሉ፤ ቀጥሎ አንድ የእንግሊዝ መኮንን ምልክት አኖረበት፤ ይህ ምልክት ግን እስከ ዛሬ ድረስ ክርክር አላጣም። በ2013 ዓ.ም. በአልፋሽቃ እርሻ ምክንያት የሁለቱ አገር ወታደሮች ተታኮሱ፤ የዘሩትን ያላጨዱ ብዙ ገበሬዎች ከይዞታቸው ወጡ። የጨዋታው ሜዳ ገመድ ተዘርግቶለት ሳለ፣ ሰው የሚሞትበት ወሰን ግን ገና ስምምነት አላገኘም።

ይሁን እንጂ የዚሁ ወሰን ታሪክ ሌላም ገጽ አለው። ከመተማ ጦርነት 68 ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 1949 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ መልእክተኞች ወደ ካርቱም ሄዱ፤ የሄዱት ግን ለጦርነት አልነበረም። ከሱዳንና ከግብፅ፣ ከደቡብ አፍሪካም ሰዎች ጋራ ሆነው የአፍሪካን የእግር ኳስ ማኅበር መሠረቱ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር ያለበት አንድ ወገን አላሰልፍም ስላለች ከውድድሩ ወጣች፤ የቀሩት ሦስቱ በካርቱም የመጀመሪያውን ዋንጫ ተጫወቱ። ኢትዮጵያ በመጨረሻው ግጥሚያ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። በ1954 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ ግብፅን 4 ለ 2 ረትታ ዋንጫውን አስቀረች። የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ከ1964 ዓ.ም. ጀምረው እስከ ሞቱበት እስከ 1979 ዓ.ም. የዚህን ማኅበር መሪነት ያዙ። ወጣቶችም በበኩላቸው በ1993 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የአፍሪካ ወጣቶች ውድድር አራተኛ ወጥተው እስከ አርጀንቲና ድረስ ለዓለም ዋንጫ ሄዱ። አያቶቻቸው በጦር የተገናኙባቸው ሕዝቦች በሁለት ትውልድ ውስጥ በሜዳ ተገናኝተው እጅ ለእጅ ተጨባበጡ።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ብዙ ሺህ ሰው በገላባት በኩል ተሻግሮ ወደ መተማ ገባ። ከእነርሱም ብዙዎቹ በኩመርና በአውላላ መጠለያ ሠፍረው ነበር፤ ከስደቱም በኋላ ደግሞ ሽፍታና ጥይት አላረፋቸውም። በእነዚያ ሠፈሮች የነበሩት ልጆች ከፔሻዋር ልጆች በምን ይለያሉ? ኳስ ከጨርቅ ጠቅልሎ መሥራት የማያውቅ የሱዳን ልጅ የለም፤ ከቅርንጫፍ የገና በትር መቍረጥ የማያውቅ የደጋ ልጅም የለም። በመካከላቸው የጎደለው ጠላትነት የሌለበት ፉክክር የሚደረግበት፣ ሕጉ የታወቀ ሜዳ ነው።

በቤተ ክርስቲያን ሰዎች ዘንድ በዚህ ነገር ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ተቃውሞውም የሚናቅ አይደለም። በበዓል ቀን የሚደረግ ጨዋታ ወጣቱን ከማኅሌት ያርቀዋል፤ ከጨዋታ በኋላ መጠጥ ይከተላል፤ ከመጠጥ በኋላም ጠብ ይመጣል ይላሉ። እውነት ነው፤ ይህ ሁሉ ታይቷል። ነገር ግን አባቶች ገናን ከቅዳሴ በኋላ አደረጉት እንጂ በቅዳሴ ፈንታ አላደረጉትም። ቅዱስ ጳውሎስም ስለ ክርስቲያን ተጋድሎ ሲጽፍ የሯጮችን ምሳሌ መውሰዱ ይታወሳል፤ ምሳሌውን የወሰደው አድማጮቹ በከተማቸው የሚያዩትን ነገር አይቶ ነው። ወጣቱ በሜዳ የሚማረው መታገሥ፣ ለዳኛ መታዘዝ፣ ባልንጀራውን መጠበቅ፣ በመቅደስ ከሚማረው ጋራ የሚጣላ አይደለም። የሚጣላው ሜዳው ያለ ጠባቂ ሲተው ነው። እንግዲህ ካህኑ ከሜዳው ከሚርቅ ይልቅ በሜዳው ዳር ቢቀመጥ ይሻላል፤ በቀድሞው ዘመን የገናን ጠብ ማታውኑ የሚያበርደው የንስሐ አባት አልነበረምን?

ሌላው ተቃውሞ የድኻው ነው። ሌሊቱን በአሸዋ ዝንብ ሲነደፍ ያደረ፣ ቀኑን ሙሉ ማሽላ ሲያጭድ የዋለ ልጅ ጨዋታ ምን ያደርግለታል? መኝታ አጎበርና ሐኪም፣ ያልተቀነሰ ደመወዝም ይቀድማል የሚል አለ። ይህም እውነት ነው፤ አጎበሩን ትቶ ኳስ የሚሰጥ ሰው ድንጋይ በእንጀራ ፈንታ እንደሚሰጥ ነው። ነገር ግን አጎበር የተሰጠውም ወጣት በበዓል ቀን ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል፤ ያን ጊዜ ማን ይቀድመዋል? ጠመንጃ የያዘ ሰው ሊጠራው ይችላል፤ አረቄ ቤትም ይጠራዋል። የጦር መሣሪያ በበዛበትና ወገን ለይቶ መታኰስ በተለመደበት በዚህ ዘመን፣ ወጣትን ወገን ለይቶ እንዲጫወት መጥራት እንደ ቅንጦት ሊቈጠር አይገባም።

ሜዳው ክሪኬት ይሁን ማለት አይደለም። የሌላው አገር ጨዋታ የሌላው አገር ነው፤ ፍላጎት ካለ ይማሩታል፣ ከሌለም ይቀራል። ከእርሱ መውሰድ የሚገባው ግን ሦስት ነገር ነው፤ የተጻፈ ሕግ፣ ተጠይቆ የሚፈርድ ዳኛ፣ ሁሉ የሚያየው ወሰን። እነዚህን ሦስቱን ለገና መስጠት ምን ያግዳል? የመተማ፣ የቋራ፣ የአርማጭሆና የጠገዴ ልጆች፣ ከደጋም ለመከር የወረዱት፣ በአንድ የልደት በዓል በቍጥር ተወስነው፣ በታጠረ ሜዳ፣ በሚታወቅ ሕግ ቢገጥሙ፣ የወንዝ ልጅነት ወደ ጠብ ከመሄዱ በፊት የሚያርፍበት ስፍራ ያገኛል። ሰላም በሆነም ጊዜ የገዳሪፍ ልጆች ቢጨመሩበት፣ በ1949 ዓ.ም. ሽማግሌዎች በካርቱም የጀመሩትን ወጣቶች በወሰኑ ላይ ይቀጥሉታል።

ይህን ለማድረግ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ወይራና ግራር በትር ይሰጣሉ፤ መሬቱ ከመከር በኋላ ባዶ ነው፤ ገመድም በማንኛውም ሱቅ ይሸጣል። የሚያስፈልገው፣ ተጫዋቾቹ ሁሉ የሚያከብሩት አንድ ዳኛ፣ ዳኛውን ደግሞ የሚያከብር ሕዝብ ነው። እርሱ ከተገኘ የቀረው ቀላል ነው፤ ያሸነፈው ይዘፍናል፣ የተሸነፈው ይሰደባል፣ ማታም ሁሉም በሕይወት ወደ ማደሪያው ይመለሳል። የልደቱ ጌታ ለወሰን ሰዎች ሁሉ እንዲህ ያለውን ማታ ያድላቸው።